አማቴ ያነጠፉልኝ አልጋ

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ነው ያረጀው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ፊቴ ገና የልጅ ፊት ሆኖ፣ ከጉልበቴ በታች ያለው የባልቴት እግር ነበር። በግራ እግሬ የደም ሥሩ ተነፍቶ፣ ተጠማዞ፣ ከባቴ ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየተጣመመ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደኛል፤ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲው ክር ሥጋዬ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ለምን አትቀመጪም ይለኝ ነበር ሰው። የት ልቀመጥ? ቡሬ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር የማስተምረው። ተማሪው ራሱ በአንድ ዴስክ ተጣቦ ተቀምጦ ለእኔ የሚሆን ወንበር የለም፤ የነበረውን አንዱን ርእሰ መምህሩ ለእንግዳ ብሎ ወስዶታል። ከክፍል ስወጣ የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ አለ፤ ስኳር መጣ ሲሉ ስኳር፣ ጨው መጣ ሲሉ ጨው። እሑድ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለ። መፈክር ሲባል ብድግ፣ ግራ እጅ ወደ ላይ፣ ከዚያ እንደገና መፈክር፣ እንደገና ብድግ። ለአብዮቱ ምን ሰጠሽ የሚለኝ ሰው ካለ እግሬን ነው የሰጠሁት።

ጎረቤቶቼ ሁሉ ሐኪም ሆኑብኝ። አንዷ ምች ነው አለች። ሌላዋ በሌሊት ውኃ ረግጠሽ ነው አለች። ዋጋሚ ጋ ሂጂና ጥቁሩን ደም አስወጪው ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው። ዋጋሚው ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር ያደርግና በቀንድ እየመጠጠ ደም ያወጣል። በእኛ አገር ደም ከጠቆረ መጥፎ ደም ነው፤ መጥፎ ደም ደግሞ መውጣት አለበት። እኔ ምላጭ ስለምፈራ አልሄድኩም እንጂ ከሌላው ሰው የተለየ እውቀት ኖሮኝ አይደለም። ጠበል ግን ገብቻለሁ። ለአንድ ቀን ቀለል አለኝ፤ እግዜር አይቀየመኝና ቅዝቃዜው ይመስለኛል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሚለጠጥ ፋሻ ሰጠኝ፤ እሱም ጠዋት ጠቅልዬው ወጥቼ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወርዶ ይከመራል። በመጨረሻ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ቁስል ወጣ። ቅባት ብቀባው፣ ማር ብለጥፍበት፣ አልዘጋ አለ። ድሬሰሩ አንድ ቀን ፋሻውን ፈታና አየው። ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሂጂ አለኝ።

ፍኖተ ሰላም ያገኘሁት ሐኪም ከሲታ፣ ቁጡ፣ ራሱም እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። በርጩማ ላይ አቁሞ እግሬን ዙሪያውን አየው። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳኝ። በደም ሥር ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ አለኝ፤ ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ ይከፈታሉ፣ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። የአንቺ በሮች ላልተዋል፤ ደሙ ተመልሶ እግርሽ ላይ ይተኛል፤ ቁስሉም የማይድነው ለዚህ ነው።

ምርጫው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አንዱ ፋሻውን ጥብቅ አድርጎ እያሰሩ መኖር ነው አለ። ሌላው ሥሩ ውስጥ መድኃኒት በመርፌ ወግቶ ማድረቅ ነው፤ ለቀጭን ሥር ይሆናል፣ ለአንቺ ግን አይበቃም፣ መድኃኒቱም የለኝም። ሦስተኛው ብሽሽት ላይ ቀዶ ሥሩን መቋጠር ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን ይመለሳል። የመጨረሻው ብሽሽት ላይ ቋጥሮ፣ ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ሽቦ አስገብቶ፣ ሥሩን ጎትቶ መንቀል ነው። ሥሩ ከተነቀለ ደሙ በየት ይሄዳል አልኩት። እርሻ ላይ የተበላሸ ቦይ ብትደፍኚ ውኃው በሌላው ቦይ ይሄድ የለም ወይ፣ በጥልቁ የሚሄድ ደህና ሥር አለሽ አለኝ። የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ንቀለው አልኩት።

ልወጣ ስል ጠራኝና ድምፁን ቀነስ አደረገ።

«እስከዚያ ድረስ ይሄ ሥር ቢፈነዳብሽ ቁሚ ቢሉሽ እንዳትቆሚ፣ ተቀመጪ ቢሉሽ እንዳትቀመጪ። ተጋደሚ፣ እግርሽን ከልብሽ በላይ ስቀዪው፣ ቀዳዳውን በጣትሽ ተጫኚ። ሰው በዚህ የሚሞተው ቆሞ ነው።»

ባሌ በዚያን ጊዜ አልነበረም። እሱም አስተማሪ ነው፤ ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ከተማሪዎች ጋር መተከል ዘምቶ ነበር። ስለዚህ ለመቆረጥ ብቻዬን ገባሁ። ወገቤ ላይ ወጉኝና ከወገቤ በታች የእኔ አልሆን አለ። ሕመም የለም፤ ግን ሲጎትቱት ይሰማኛል፤ ሥር የሰደደ ሙጃ ሲነቀል እንደሚሰማው ነው። ሐኪሙ ጨረስን ሲለኝ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ ደክሞኝም ነው፣ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ማታ መጥቶ ተነሺ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነርሷ ደግፋኝ ኮሪደሩን ሄድኩ። ሲለቀኝም ትእዛዙ ይኸው ነበር፦ ስትተኚ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ስትነቂ ሂጂ፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ መዋል የለም፣ ደሙ ይረጋብሻል። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። አማቴ ገና አልደረሱም።

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ በርበሬና ዳጉሳ የሚያርስ ቤት እመቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ትውልዳቸው ከአገው ነው፤ ከእህታቸው ጋር ምሥጢር ሲኖራቸው በአገውኛ ያወራሉ፣ እኔን ሊቆጡ ሲፈልጉ ግን አማርኛቸው እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። እንግዳ ቢመጣ ቆመው ያስተናግዳሉ፣ እህል ቆመው ያበጥራሉ፣ እራታቸውን እንኳ ማጀት በር ላይ ቆመው ነው የሚጎርሱት። እኔ እንደ ልጃቸው ነኝ። ከሆዳቸው እንደወጣ ነው የሚወዱኝ፤ ጣጣውም ከዚያ ነው የመጣው።

ሆስፒታል በር ላይ ሲያገኙኝ በእግሬ ቆሜ አዩኝና ክው አሉ። ከሐኪሙ ጋር ሊጣሉ ነበር፤ እኔ ነኝ የገላገልኩት። እስከ ቡሬ በአውቶቡስ መጣን። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ቃሬዛ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል። አማቴ የላኩባቸው ናቸው። ሐኪሙ ሂጂ ብሎኛል፣ በእግሬ እገባለሁ አልኩ። ጎረምሶቹ አማቴን አዩ፣ አማቴ መሬት መሬቱን አዩ።

«የተቆረጠች ምራትሽ በእግሯ ገባች ቢባል፣ እኔ በማን ፊት ነው የምቆም?» አሉኝ።

ቃሬዛው ላይ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

አማቴ ቤት ስገባ አልጋው ተነጥፏል። የቤቱ ብቸኛ አልጋ ነው፣ የራሳቸው። ጭድ በአዲስ ተሞልቷል፣ በላዩ ላይ ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ቡሉኮ ተነጥፏል፣ በዙሪያው መጋረጃ ተጋርዷል፤ ትራስጌዬ ሥር ደግሞ ቢላዋ ተሸጉጧል። ቢላዋውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ብረት ከትራስጌ የሚደረገው ለአራስ ነው፣ ክፉ ነገር እንዳይጠጋት። አማቴ እኔን እንደ አራስ ሊያስተኙኝ ነው። በእሳቸው ሐሳብ ደም የፈሰሳት ሴት ሁሉ አራስ ናት፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ሴት የምትድነው ተኝታ ነው።

ኧረ እንዴት ያለ መተኛት መሰላችሁ! ጠዋት ገንፎ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጦ። ቀትር ላይ አጥሚት። ራሴ ላይ ቅቤ። እግሬን ከፍ ላድርግ ብዬ ከሥሩ ድርብ ጋቢ ሳስገባ ቀስ ብለው ያወጡታል፤ ቁልቁል የተኛ ሰው ደሙ ራሱ ላይ ይወጣል ይሉኛል። መንደሩ ደግሞ በየተራ ይጠይቀኛል። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ እኔ «እግዜር ይማርሽ» ለሚለኝ ሁሉ «አሜን» እያልኩ ምላሴ ደረቀ። ቁስልሽን አሳዪን የሚሉም አልጠፉም። ሥሯን አውጥተው ጣሉት ይባባላሉ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። አንዷማ ዓይኔን አይታ ሌላ ሥር የላትም ወይ ብላ አማቴን ጠየቀቻቸው።

ለሳቸው ልንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እማማ፣ ሐኪሙ ካልሄድሽ ደሙ ይረጋል ብሎኛል፣ እባክዎ ግቢውን ልዙር አልኳቸው። ሐኪሙማ ወንድ ነው አሉኝ። አንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠበቅኩና ተነሥቼ በአጥሩ ዙሪያ ሄድኩ። ጤዛው ደስ ሲል! እግሬ እየቀለለ መጣ። ግን መንደር ዓይን አለው። ለምሳ ሳይደርስ ወሬው ቤታችን ገባ፤ ልጇ ዘምቶ ሳለ የተቆረጠች ምራቷን ከአልጋ አስነሥታ ሥራ አሰማራቻት ተባለ። አማቴ አልተቆጡኝም። ምሰሶውን ተደግፈው በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሼ ተኛሁ።

ከዚያ ነው ያ ከሰዓት የመጣው። እንግዳ አልነበረም፣ መንደሩ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አማቴ ፋሻዬን ሊቀይሩልኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ነው። ጠባሳዎቼን በጣታቸው ተከተሉ፣ ብሽሽቴ ላይ ያለውን፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን። ያመኛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያምም አልኳቸው። ቁስሉስ ይዘጋል ወይ አሉ። እየዘጋ ነው አልኳቸው፤ እውነትም ጀምሮ ነበር። ከዚያ በሩን አይተው ቀሚሳቸውን ከፍ አደረጉ።

እኔ ስለ እግሬ የማወራው ሁሉ ከንቱ ነው። የሳቸው እግር ሁለቱም ከጉልበት በታች ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ሥሩ እንደ ጣት ወፍሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥሟል። በመካከሉ የዋጋሚው ምላጭ የተወው ነጭ ነጭ ጠባሳ ተበትኗል። ያን ሁሉ ዘመን ቀሚሳቸው መሬት የሚጠርገው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«እኔ ቀን ተኝቼ አላውቅም፣ አራስ ስሆን ካልሆነ» አሉኝ። «ሰባት ወልጃለሁ፤ ያረፍኩት ያኔ ብቻ ነው። አንቺ ከዳንሽ፣ እኔም ሄጄ እቆረጣለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እግሬ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። እኔ ብድን አማቴ ይቆረጣሉ። እኔ ባልድን፣ እነዚያን እግሮች ይዘው መቃብር ይወርዳሉ። እሳቸውም በየጠዋቱ ፋሻዬን እየፈቱ ጠባሳዬን ያዩታል፤ ቡቃያ እንደሚያይ ገበሬ ናቸው። እኔንም በደንብ እንድድን ብለው የባሰ አስተኙኝ።

ባቴ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ፋሻው ጠብቆ መሰለኝ። ከዚያ ተቃጠለ፣ ቀላ፣ እግሬ ግንድ አከለ፤ ቡሉኮው ሲነካኝ እንኳ እጮኻለሁ። አማቴ ምሕላ ያዙ። እኔ የማስበው ሐኪሙን ብቻ ነበር፤ ደሙ ይረጋብሻል ብሎኝ ነበር። በቃሬዛ ወጣሁ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ በጭነት መኪና ተጫንኩ። ሐኪሙ ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ ወረወረው። ተኝተሽ ነው የከረምሽው አይደል አለኝ። አማቴ አጠገቤ ቆመዋል፤ ዓይኔን ወደ ግድግዳው መለስኩ። እሳቸውን ግን አፍ አውጥቶ ተቆጣቸው፤ ይህች ሴት የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ቢሄድ ኖሮ እዚያው አልጋው ላይ ትሞት ነበር አላቸው። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ከወጣ በኋላ ለነርሷ ምን አሉ መሰላችሁ? እሱ ቆርጦ አበላሽቷት እኔን ይቆጣል አሉ።

በመርፌና በመድኃኒት ተረፍኩ። ቁስሉም ዘጋ፤ እግሬ ግን እብጠቱ እንዳለ ቀረ። እስከ ዛሬ ግራ ጫማዬ ከቀኙ አንድ ቁጥር ይበልጣል። አማቴ ያንን እግር አዩና ፈረዱ። ቢላዋ ነው ያበላሸሽ አሉኝ። አይደለም እማማ፣ መተኛቱ ነው፣ እርስዎ ነዎት ያስተኙኝ አልኳቸው፤ ተናድጄ ነበርና አልሸሸግኳቸውም። ሳቁብኝ። ሰው ተኝቶ ሲድን እንጂ ተኝቶ ሲታመም አላየሁም አሉ። ባሌ ከመተከል ወባ ይዞት፣ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ፤ እሱም እናቱን ሲሰማ እናቱን፣ እኔን ሲሰማ እኔን ያምናል። በቃ፣ የመቆረጡ ነገር እንዲያ ሆኖ ተቀበረ። በየዓመቱ በዓለ መድኃኔ ዓለም በመጣ ቁጥር አነሣባቸዋለሁ፤ እሳቸው ወደ እግሬ ያዩና ወደ ማጀት ይገባሉ። ምክር ደከመኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውኳቸው።

መከራው የመጣው ቡሬ ገበያ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፣ በርበሬ ልንሸጥ አብረን ወጣን። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጆንያው አጠገብ ቆመው ዋሉ። እኔ ላምባ ፍለጋ ወደ ሱቆቹ ሄድኩ። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። አህያ ሲያልፍ ጭነቱ ጫር አድርጓቸው ነው እንጂ የወጋቸው ነገር የለም። ጫር ያደረጋቸው ግን ሥሩን ነው። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ደሙ እንደ ተቀደደ የውኃ ስልቻ ይፈናጠራል፣ ጫማቸው ሞልቷል። ሁለት ሴቶች ብብታቸው ሥር ገብተው ቀጥ አድርገው አቁመዋቸዋል፤ አትውደቂ አይዞሽ ይሏቸዋል፣ ከወደቀች አትነሣም ይባባላሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በምርኩዛቸው ደሙን እያሳዩ ጥቁሩ ነው፣ መጥፎው ነው፣ ተዉት ይውጣላት፣ ይቀላታል ይላሉ። ሰውም እውነት ነው እያለ ቆሞ ያያል። የአማቴ ከንፈር ነጥቷል።

ላምባውን ጣልኩት። ከሴቶቹ እጅ ነጠቅኳቸውና መሬት ላይ አጋደምኳቸው። እግራቸውን አንሥቼ የበርበሬው ጆንያ ላይ ሰቀልኩ፤ በአውራ ጣቴ ቀዳዳውን ተጫንኩት። ያን ጊዜ ቀሚሳቸው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ያ ሁሉ ዘመን የደበቁት እግር ገበያ መሐል ወጣ። ሰው ሁሉ እህ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሸፍነው ይህች ልጅ አብዳለች አሉ።

«እግሬን አውርጂልኝ ልጄ፣ ሰው እያየኝ ነው» አሉኝ አማቴ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ይዩ፣ እማማ» አልኳቸው።

«አዋረድሽኝ።»

«ላዋርድዎት። አላወርደውም።»

እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ጣቴን አልለቀቅኩም። እጄ በርበሬ ነክቶ ስለነበር ቁስላቸውን አቃጠላቸው፤ ያቃጥላል ያቃጥላል ሲሉ ደስ አለኝ፣ ሰው የሚቃጠለው በሕይወት ካለ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ገባት። ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት፣ በዙሪያችን ድንኳን ሠሩልን። የደሙ ግፊት ከጣቴ ሥር እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ቆመ። ነጠላዬን ቀድጄ አጥብቄ አሰርኩት። ላምባዬ መሬት ጠጥቶታል፣ ወር ሙሉ በጨለማ ከረምን።

ቤት ገብተው ራሳቸው አልጋ ላይ ተኙ፣ እግራቸውም በሁለት ድርብ ጋቢ ላይ ከፍ ብሎ። ጋቢውን አላወጡትም። ደሙ ለምን ቆመ ብለው ጠየቁኝ። ሐኪሙ ስለነገረኝ በር ነገርኳቸው፣ ስለ ቦዩም ነገርኳቸው። እንደ አዲስ ሰሙት። እነዚያ ሴቶች እንዳቆሙኝ ቢቀሩ ሞቼ ነበር አይደል አሉ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ በርታ ሲሉ፣ ውሰጂኝ፣ ልቆረጥ አሉኝ።

ጉልበቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተመለሰ መሰለኝ። ስንቅ አዘጋጀሁ፣ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጦርነቱ በሰሜን በኩል የከፋበት ወቅት ነበር፤ በየመንገዱ ወታደር የጫነ መኪና ያልፋል። ሆስፒታሉ ደጃፍ ስንደርስ ኮሪደሩ ወታደር ተኝቶበታል፣ ያ እኔ የሄድኩበት ኮሪደር። እግር ያለው አለ፣ እግር የሌለው አለ። አንድ የማውቃት ነርስ አገኘችኝ። ሐኪሙስ አልኳት። ወደ ግንባር ተጠርቶ ሄደ አለችኝ። ሌላ ቀዳጅስ? ያሉት ሐኪሞች የቁስለኛ ናቸው አለች፤ ለእግር ሥር ማን ጊዜ አለው እህቴ። ባሕር ዳርስ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ፋሻ ሰጠችኝ፣ ያለቀ የነተበ ፋሻ፤ እሱኑም ደብቃ ነው።

አማቴ ሁሉን ሰምተዋል። አንድ ቁስለኛ ልጅ ውኃ ሲለምን ከስንቃችን ጠላ ቀድተው አጠጡትና፣ እንሂድ አሉኝ።

አውቶቡሱ ማንኩሳን አለፈ። እኔ ንዴቱም ሐዘኑም አንድ ላይ ሆኖብኝ መስኮቱን አያለሁ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ፣ ባበጠው እግሬ ላይ አሳረፉት።

«ያኔ ባላስተኛሽ ኖሮ ትድኚ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ብትድኚ፣ እኔም ሰውየው ሳይሄድ እቆረጥ ነበር።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ስንት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ። አሁን ሲመጣ ግን ምንም አላስደሰተኝም። አይደለም እማማ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ለመዋሸት እንኳ ደከመኝ።

«ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱ እያንገጫገጨን ብዙ ሄድን።

«አልጋው ግን ጥሩ አልጋ ነበር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«ጥሩ አልጋ ነበር። እንደዚያ ያለ አልጋ ያነጠፈልኝ ሰው የለም» አልኳቸው፤ ይኼኛው ውሸት አልነበረም።

ከቤታችን አንድ ማቆሚያ ቀደም ብለን ወረድን። አላማከርኳቸውም፣ እሳቸውም ለምን አላሉኝም። የቀረን መድኃኒት መሄድ ብቻ ነበር። ክንዴን ያዙኝና በበርበሬው ማሳ ዳር፣ ቀሚሳቸውን ከጭቃው ከፍ አድርገው፣ ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን።